ከተላክን ሰባት ወር ሆነን፤ ለላኪ ቤተ ክርስቲያናችን ምን ብለን ሪፖርት እንጻፍ?

ከሻሪ ዳር (ውይይቱን የጀመረ)

ሰላም ለሁላችሁ። የዚህን መድረክ ውይይቶች ለረጅም ጊዜ በዝምታ ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ የምጽፈው ምክር ስላስፈለገኝ ነው። እኔ፣ ባለቤቴና ሦስት ልጆቻችን (የ11፣ የ8 እና የ3 ዓመት) በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን ተልከን ቻድ፣ ንጃሜና የገባነው ባለፈው መስከረም ነበር። የእኔ ምድብ በአንድ የወንጌላውያን ማሠልጠኛ ማስተማር ሲሆን፣ ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ስለሚሰጥ የመጀመሪያውን ዓመት ቋንቋውን እንድማርበት ተፈቅዶልኛል። ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት፤ አገር ቤት በጤና ጣቢያ 11 ዓመት ሠርታለች። እዚህ በሙያዋ ለመሥራት ግን ፈረንሳይኛ ማወቅ ስለሚጠበቅባት፣ ለጊዜው ትንሿን ልጃችንን ይዛ ቤት ትውላለች።

ስለ ኑሮው በአጭሩ ልናገር። ቤታችን ሻሪና ሎጎን የተባሉት ወንዞች ከሚገናኙበት ብዙ አይርቅም፤ ከሎጎን ማዶ ያለው አገር ካሜሩን ነው። ሚያዝያ ከገባ ወዲህ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሆነ፣ ሌሊት የምንተኛው ግቢ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈንና አጎበር ወጥረን ነው። ልጆቹ ከእኛ ቀድመው ለምደዋል። የአገሩ ሰው በዐረብኛ ደኅንነት ሲጠይቅ «አፌ?» ይላል፤ የሦስት ዓመቷ ልጃችን በመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ባሏት ቁጥር አፏን ከፍታ ታሳያቸው ነበር።

ገበያው ግን ለእኔ እንዲህ ቀላል አልሆነም። እዚህ የሚሠራበት ገንዘብ የመካከለኛው አፍሪካ ሲኤፍኤ ፍራንክ ነው፤ ሰዉ በዐረብኛ ዋጋ ሲጠራ ግን የሚቆጥረው በሪያል ነው፤ አንዱ ሪያል 5 ፍራንክ መሆኑ ነው። ይህን ባለማወቄ ቲማቲም ሻጯ «ኸምሲን» ስትለኝ የ50 ፍራንክ ሳንቲም ሰጠኋት። ሳንቲሙን መዳፏ ላይ አገላብጣ አየችውና መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያም ፊቷን ወደ ሌላ ገበያተኛ አዞረች። ለካ የጠየቀችኝ 250 ፍራንክ ነበር። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት ከት ብላ ሳቀችና ሒሳቡን አስረዳችኝ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። በየሦስት ወሩ የምንሞላው የሪፖርት ቅጽ አለ፤ ዓምዶቹም «ወንጌል የሰሙ»፣ «ያመኑ»፣ «የተጠመቁ»፣ «የተጀመሩ የጸሎት ቤቶች» ይላሉ። በሁለቱም ሪፖርቶች ዓምዶቹን ባዶ ትቼ «ቋንቋ በመማር ላይ ነን» ብዬ ጻፍኩ። ባለፈው ወር ኮሚቴው በትሕትና፣ ግን በግልጽ፣ «ከቋንቋው ጎን ለጎን እየተከናወነ ያለው አገልግሎት ቢገለጽልን» የሚል ደብዳቤ ላከልን። እውነቱን ለመናገር ፈተና ላይ ነኝ። በአንድ እሑድ ወደ 300 ሰው በሚሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ በአስተርጓሚ ሰላምታ አቅርቤያለሁ፤ ይህንኑ «300 ሰዎች ወንጌል ሰሙ» ብዬ ብጽፈው ማንም አይጠይቀኝም። እናንተ በዚህ ያለፋችሁ ምን አደረጋችሁ? የመጀመሪያውን ዓመት ባዶነትስ እንዴት ቻላችሁት?

የካርቱም ተመላሽ

የተወደድህ ወንድሜ፣ 300ውን አትጻፍ። ይህን የምልህ ጽፌ ስላየሁት ነው። በካርቱም የመጀመሪያ ዓመታችን ቤታችን ለሻይ የመጡትን እንግዶች ደምሬ «40 ሰዎች» ብዬ ላክሁ፤ ቁጥሩ በእሑድ ጉባኤ ተነበበ፣ ተጨበጨበ፣ በሚቀጥለው ሪፖርት ደግሞ ከ40 በላይ ተጠበቀ። ቁጥር አንድ ጊዜ ከተጻፈ ይወልዳል፤ አሳዳጊው ደግሞ ጸሐፊው ነው። በነገራችን ላይ የሪያሉ ነገር አሳቀኝ፤ እኛም ዘንድ ገንዘቡ ከተለወጠ ከዓመታት በኋላ እንኳ ሰዉ አንዱን አዲስ ፓውንድ በአሮጌው ቆጥሮ «አልፍ» እያለ ሺሕ ሲለን ስንደነግጥ እንኖር ነበር።

ነገር ግን በጽሑፍህ ውስጥ ከሪፖርቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ስለ አንተ የቋንቋ ትምህርት በሰፊው ነገርኸን፤ ስለ ባለቤትህ ያለኸን ቤት እንደምትውል ብቻ ነው። አትቆጣኝ፤ ራሴን በመስተዋት ያየሁ መስሎኝ ነው። እኔ በየማለዳው ዐረብኛ ትምህርት ቤት ስሄድ ባለቤቴ ሁለት ሕፃናት ይዛ ትቀር ነበር። «እኔ ስጨርስ እሷ ትጀምራለች» ተባባልን። እኔ ስጨርስ ሥራ ተጀመረ፣ ሦስተኛ ልጅ ተወለደ፣ በአራተኛው ዓመት የእሷ ዐረብኛ ከሽንኩርትና ከዘይት አላለፈም። በቤታችን ለሚሰበሰቡት ሴቶች የማስተምረው እኔው ሆንሁ፤ በባህሉ ደግሞ ሴቶቹ ለእኔ የሚናገሩት አንዳች ነገር አልነበረም። ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ውጊያው ሲጀመር እኔ ኦምዱርማን ነበርሁ፤ ቤተሰቤ ከወንዙ ወዲያ ካርቱም ነው። በድልድዮቹ ማለፍ ስላልተቻለ ሁለት ቀን ተለያየን። በሩን የሚደበድቡት ሰዎች ውጡ ይበሉ፣ አትውጡ ይበሉ፣ ባለቤቴ መለየት አልቻለችም። የሰባት ዓመት ልጃችን ነው በበሩ ክፍተት ያናገራቸው። ጎረቤቶች ነበሩ፤ ዳቦ ይዘው ነው የመጡት። በመተማ በኩል አገራችን ከገባን በኋላ ባለቤቴ ስለዚያ ጦርነት ከሁሉ አስቀድማ የምታነሣው ያችን የበር ሰዓት ነው። ስለዚህ ጥያቄህን በጥያቄ ልመልስ፦ የእሷ የትምህርት ሰዓት መቼ ነው?

የኮሚቴ ጸሐፊ

በአንዲት አጥቢያ የሚስዮን ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ የማገለግል ነኝ፤ የወንድማችን ላኪዎች እኛ አይደለንም፤ ቅጻችን ግን ቃል በቃል ያው ነው። ከወዲህ ማዶ ያለውን ነገር መናገር ተገቢ ይመስለኛል። በየወሩ ለመስጠት ቃል ከገቡልን ምእመናን መካከል ጉሊት የሚቸረችሩ እናቶች፣ ጡረተኞችና በቀን ሥራ የሚተዳደሩ ወጣቶች አሉ። እነርሱ «ገንዘባችን የት ደረሰ?» ብለው አይጠይቁም፤ «ወንድማችን እንዴት ነው?» ይላሉ። እኛ ግን በሁለት ደቂቃ ማስታወቂያ ውስጥ መናገር የምንችለው ቁጥር ብቻ ስለሆነ ቁጥር እንጠይቃለን። ጥፋቱ የእኛ ነው ማለት እችላለሁ፤ ነገር ግን «ቋንቋ በመማር ላይ ነን» የሚል አንድ መስመርም ለሚጸልይ ሰው ምንም አይሰጠውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ገንዘብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምእመናኑ ቃል ኪዳን በብር ነው፤ የሚስዮናዊው የቤት ኪራይ በውጭ ገንዘብ ነው። በንጃሜና የሚሠራበት ፍራንክ ደግሞ ከዩሮ ጋር በ655.957 የታሰረ ስለሆነ ብር ሲወርድ አብሮ አይወርድም። ያው 10,000 ብር እዚያ ሲደርስ ግማሹን ሆነ ማለት ነው። ኮሚቴዎች በዚያ ዓመት አዲስ ሰጪ ፍለጋ ሲወጡ «እስካሁን ምን ተሠራ?» የሚል ጥያቄ በየቤቱ ጠበቃቸው። ለወንድማችን የደረሰው ደብዳቤም ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል እንጂ ካለመተማመን አይመስለኝም።

በቅጹ ላይ ግን አልከራከርም። ዓምዶቹ የተወሰዱት ለአገር ውስጥ ወንጌላውያን ከተዘጋጀው ቅጽ ነው፤ ያ ወንጌላዊ ሰኞ ተመድቦ ማክሰኞ በገዛ ቋንቋው ይሰብካል።

ናይሮቢ ያደገች

ጋሼ፣ ጽሑፍዎን ያነበብሁት በልጅ ዐይን ነው፤ ወላጆቼ ለአገልግሎት ናይሮቢ ሲሄዱ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ልጆቹ ቀድመው ለመዱ ማለትዎ እውነት ነው፤ ግን ቶሎ የለመደ ልጅ ቶሎ ሥራ ይሰጠዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ የቤቱ አስተርጓሚ እኔ ሆንሁ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ እኔ፣ አከራዩ ሲቆጣ እኔ። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ እናቴ ታማ ክሊኒክ ስንሄድ የሐኪሙን ጥያቄ በስዋሂሊ ሰምቼ በአማርኛ መጠየቅ ያለብኝ እኔው ነበርሁ። ጥያቄው ስለ ደም መፍሰስ ነበር። እናቴ መልሱን ለእኔ ከመናገር «ምንም አልሆንኩም በይው» አለችኝ፤ እኔም እንዳለችው ነገርሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆስፒታል ተኛች። ጽንስ ወርዶባት እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ስለ ትምህርት ቤቱም ልጨምር። የ11 ዓመቱ ልጅ (ወይም ልጅቷ) ፈረንሳይኛ ባለመቻል ወደ ታች ክፍል ወርዶ ከሆነ፣ ከቋንቋው በላይ የሚጎዳው ከታናናሾቹ ጋር በአንድ ወንበር መቀመጡ ነው። እኔን ሁለት ክፍል አውርደውኝ ነበር። አባቴ በየማታው የሒሳብ ደብተሬን እያየ «ይህን እኮ ታውቂዋለሽ» ይለኝ ነበር፤ የሚያጽናናኝ እየመሰለው። ማወቄን የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ነበር። አማርኛ ማንበብ እንዳልረሳ ያደረገችኝ እናቴ ናት፤ ፊደል ገበታውን የለጠፈችው ማድቤት፣ ከምድጃው ፊት ለፊት ነበር፤ ሽንኩርት እየላጥሁ ነው የቆጠርሁት።

ታሪክ ወዳድ

ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የተባለው የውጭ ሚስዮን ድርጅት ሰዎች ወላይታ የገቡት በ1928 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በ1937 በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 እንደነበሩ በቤተ ክርስቲያኒቱ ታሪክ በሰፊው ይነገራል። የዘጠኝ ዓመት ሪፖርት ይህ ነበር። በኋላ ቤተ ክርስቲያኒቱ ምን ያህል እንዳደገች ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው የካርቱም ተመላሽ ወንድማችን ካነሣው ጋር ይያያዛል። በ1899 (እ.ኤ.አ.) የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስናነሣ ተርጓሚውን ኦነሲሞስ ነሲብን እናመሰግናለን፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ኦነሲሞስ በልጅነቱ ተሽጦ ከአገሩ የራቀ በመሆኑ፣ የአፍ መፍቻው ቋንቋ ሀብት ለዚያ ታላቅ ሥራ አልበቃ ብሎት ነበር። ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ያደገችው፣ እሷም ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ነበረች ቃላቱን የሰበሰበችለት፤ ተረቱንም፣ ዘፈኑንም፣ ምሳሌውንም በቃሏ የያዘች ሴት ነበረች። በ1904 ወደ ነቀምቴ ሲመለሱ አብራ ሄዳ አስተምራለች። ቋንቋው ከማን ዘንድ እንደነበረ ልብ ይሏል።

ከሻሪ ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የናይሮቢዋን እኅታችንን ጽሑፍ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብሁላት፤ መሐል ላይ ድምፄ አልታዘዘኝም። የእኛም ትልቁ ልጅ ሁለት ክፍል ወርዶ ነው የተቀመጠው። ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ወርውሮ «ዘጠናን አራት ሃያና ዐሥር ብለው ከሚቆጥሩ ሰዎች ጋር ሒሳብ አልማርም» አለኝ፤ እኔ ሳቅሁ፣ እሱ ግን አልሳቀም።

ስለ ባለቤቴ ትምህርት ግን ራሴን ጥቂት ልከላከል። የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ክፍያ በጀት የተያዘለት ለአንድ ሰው ነው፤ ትንሿን የሚይዝልን ሰውም የለም። በልቤ አስቤበታለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ትጀምራለች።

የተባለችው ባለቤት

ሰላም ለሁላችሁ። «በሚቀጥለው ዓመት ትጀምራለች» የተባልኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ጽሑፉን ሲያነብልኝ ይህን መድረክ አየሁት፤ በፈቃዱም የራሴን ስም አውጥቼ ገባሁ።

በመጀመሪያ ባለቤቴ መልካም ሰው መሆኑን ልመስክር፤ ውኃ ይቀዳል፣ ልጆች ያጥባል፤ ሊያስቀምጠኝ ፈልጎ አይደለም ያስቀመጠኝ። ሲሸኙን በመድረክ ላይ የተነበበው ደብዳቤ የእሱን ስም ጠርቶ «ከነቤተሰቡ» ይል ነበር፤ እጅ የተጫነው ግን በሁለታችንም ራስ ላይ ነው። ያን ቀን ልብ አላልኩትም። ልብ ያልኩት በቅርቡ ነው።

ሁለተኛ፣ ቤት ስውል ምንም አልማርም የተባለው ትክክል አይደለም። የሪያሉን ሒሳብ በመጣን በሁለተኛው ቀን ያስተማረችኝ ጎረቤቴ ናት። ባለቤቴ «እንዴት አወቅሽ?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም ስቄ አለፍሁ። ይህች ጎረቤቴ ኪሳር ትጋግራለች፤ ኪሳር ከማሽላ ሊጥ የሚሠራ፣ እንደ እንጀራችን የሚቦካ፣ ስስ ነገር ነው። እነርሱ እንደ እኛ ከዳር ጀምረው ዙሪያውን አያፈስሱም፤ መሐል ላይ አፍስሰው ይዘረጉታል። ጤፍ ስለሌለ እኔም በማሽላ ዱቄት ጀመርሁ። የመጀመሪያው እንጀራዬ ዐይን ሲያወጣ ጎረቤቴ ቀዳዳዎቹን በጣቷ እየነካች በሐዘን ተመለከተችኝ፤ የተበላሸብኝ መስሏት የራሷን ሊጥ በጣሳ ይዛልኝ መጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው፣ ባለቤቴ የፈረንሳይኛ ግሥ ሲያረባ፣ እኔ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ከአምስት ሴቶች ጋር ዐረብኛ እማራለሁ። ደብተር የለኝም፤ ልጄን ታቅፌ ነው። ዛሬ ገበያ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ሲከተለኝ ዘንቢል ይይዛል።

ሦስተኛውን ለመጻፍ አመንትቼ ነበር። በጥር ወር ከእነዚያ ሴቶች መካከል ስምንተኛ ወሯን የያዘች ልጅ ፊቷ አብጦ አየኋት። ራሷን እንደሚያማትና ዐይኗ ብዥ እንደሚልባት ስትናገር ሰማሁ፤ አማቷ ሙቀት ነው አለቻት። እኔ በ11 ዓመት ውስጥ ይህንን ፊት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። የሙያ ፈቃድ የለኝም፤ መርፌም አልያዝሁም፤ የደም ግፊት መለኪያ እንኳ አላወጣሁም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለመጠየቅና አማቷን ለመለመን የሚበቃ ዐረብኛ ግን ነበረኝ። አብሬያቸው ሆስፒታል ሄድሁ፤ በዚያው ሌሊት በቀዶ ጥገና ወለደች። ሕፃኑ አሁን ፈገግ ማለት ጀምሯል፤ እናቱም ደኅና ናት። ማታ ለባለቤቴ ነገርሁት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለና ለማግስቱ ፈተና ወደ ማጥናቱ ተመለሰ።

ይህ በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ የኮሚቴው ጸሐፊ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ወንጌል የሰሙ አልልም፤ አማቷ «ለምን ስለ እኛ ትጨነቂያለሽ?» ስትለኝ በቂ መልስ የምሰጥበት ቃል ገና የለኝም። ያንን ቃል ለማግኘት ነው መማር የምፈልገው። በጤና ተቋም ለመሥራት ደግሞ ፈረንሳይኛው የግድ ነው፤ ዓመት ሳይጠብቅ።

የኮሚቴ ጸሐፊ

እኅቴ፣ በየትኛውም ዓምድ አይገባም። ትናንት ማታ በኮሚቴያችን ስብሰባ ላይ፣ ያላችሁበትን አገር ሳልገልጽ፣ ታሪኩን አነበብሁ፤ ሰብሳቢያችን ካነበብሁ በኋላ ቅጹን እየተመለከቱ ብዙ ዝም አሉ። ለእኛ ሚስዮናውያን ለሁለት ዓመት ዓምዶቹ ቀርተው ደብዳቤ ብቻ እንዲጻፍ፣ ደብዳቤውም በባልና በሚስት ፊርማ እንዲሆን የሚል ሐሳብ በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ለሁለተኛ ተማሪ ክፍያ ግን ቃል መግባት አልቻልንም፤ ካዝናው ያው ነው። የእናንተም ኮሚቴ ተመሳሳይ ችግር ስለሚኖርበት ክፍያውን ለብቻው፣ በአኃዝ ጠቅሳችሁ ብትጠይቁ ይሻላል። ምእመናን «ለቋንቋ» ከሚባል «ለአንዲት አዋላጅ የስድስት ወር ትምህርት» ቢባሉ ይበልጥ ይገባቸዋል።

የካርቱም ተመላሽ

እኅቴ፣ ይህን ጽሑፍ ባለቤቴ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ሰላምታዋ ይድረስሽ፤ ኪሳሩን እሷም ታውቀዋለች፣ በካርቱም ኪስራ ነው የሚባለው።

ከሻሪ ዳር

ወንድሞችና እኅቶች፣ ያ ፈተና ስለ ግሥ ርባታ ነበር፤ ወደቅሁ።

ትናንት ከማሠልጠኛው ኃላፊ ጋር ተነጋገርሁ። እኔ ማስተማር የምጀምርበት ጊዜ በአንድ መንፈቅ ቢገፋ ችግር እንደሌለው፣ እንዲያውም ከእነርሱ መካከል ዐረብኛ የማይችል መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ሲቸገር እንዳዩ ነገሩኝ። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ የጠዋቱን የፈረንሳይኛ ክፍል ባለቤቴ ትገባለች፤ የመጀመሪያውን ሁለት ወር ክፍያ ከእኔ ክፍያ ላይ አዛውረን እንሸፍናለን። እኔ ከትንሿ ጋር ቤት እሆናለሁ። ከኒሙ ዛፍ ሥር እንድቀመጥ ሴቶቹ አይፈቅዱልኝም፤ የጎረቤቴ ባል ግን ከሰዓት በኋላ ሻይ የሚያፈላበት ምንጣፍ ላይ ቦታ ሰጥቶኛል፤ ሦስት ብርጭቆ ሳይጠጣ የሚነሣ እንግዳ የለም። ለትልቁ ልጃችን መምህር አነጋግረን፣ በሒሳብ ሰዓት ብቻ ከእኩዮቹ ክፍል እንዲገባ ተፈቅዶለታል።

የሦስተኛውን ሩብ ዓመት ሪፖርት የምትጽፈው እሷ ናት። እስካሁን ሁለት ገጽ ሞልታለች፤ እኔ የተፈቀደልኝ የፊደል ስሕተት ማረም ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን እየጠበቀችኝ ስለሆነ እዚህ ላይ ልነሣ።